ሲሚንቶ የለበሰ ግድግዳ

ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ መስቀል የጀመርሁበት ቀን በስድብ ተጀምሮ በስድብ ነው ያለቀው። ተሰዳቢው እኔ ነበርሁ። ይኸው ስንት ዓመት አልፎም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በፊት አናጢ ነበርሁ። ደርግ ከወደቀ ጀምሮ ደብረ ታቦርና ዙሪያውን የጭቃ ቤት ስሠራ ኖሬያለሁ። ቋሚ አቁሜ፣ ማገር መትቼ፣ ጣራ አውጥቼ ያስረከብሁትን ቤት ቁጥሩን አላውቀውም። ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ከተማው ሲሰፋ ቀጫጭኖቹ ቴሌቪዥኖች መጡ። ሰው ሁሉ ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ ግድግዳ ላይ ልስቀለው አለ። ያን ጊዜ ነው አቶ ፈንቴ እኔን፣ ምስጋናውን፣ የቀጠረኝ።

አቶ ፈንቴ መናኸሪያው አጠገብ የቴሌቪዥንና የዲሽ ሱቅ ነበረው። ፊት ለፊት ሁልጊዜ «አንቱ» እና «ጋሼ» ነበር የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታው አልመጣልኝም። ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

የመጀመሪያው ሥራ የአንድ መምህር ቤት ነበር። ባለቤታቸው ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ሁሉም ቆመው ያዩናል። አቶ ፈንቴ ካርቶኑን ሲከፍት እኔ ግድግዳውን በጣቴ አጥንት አንኳኳሁት። ድምፁን ወዲያው አወቅሁት። «ጋሼ፣ ይሄማ ጭቃ ነው» አልሁ ጮክ ብዬ።

የሴትዮዋ ፊት ተለዋወጠ። «ምን አልህ አንተ? ቤቴን ልትሰድብ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ጎረቤቶቻቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። አቶ ፈንቴ ሳቅ ብሎ «አዲስ ነው እሜቴ፣ አያውቅም፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አለና ክንዴን ይዞ ደጅ አወጣኝ።

«የሰው ቤት ገብተህ ሰው ታዋርዳለህ?» አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

«ጭቃ ነው እኮ ጋሼ። ብሎኑን አይዝም።»

«ጭቃ መሆኑን ባለቤቶቹ አጥተውት ይመስልሃል? ከእንግዲህ አንተ የምታውቀው አንድ ቃል ነው። ይይዛል። በል እስኪ።»

«ይይዛል» አልሁ።

«እንደሱ በል። ጭቃ የምትለዋን ከደገምህ ግን መሰላልህን ይዘህ ትሄዳለህ።»

ተመልሼ ገባሁ። ቋሚውን ፈልጌ፣ ብሎኑን እንጨቱ ላይ አስይዤ ሰቀልሁላቸው። ሱቅ ስንመለስ አቶ ፈንቴ ሌሎቹ ሠራተኞች ፊት እንደገና ሰደበኝ።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ግድግዳውን ላስረዳ። የእኛ አገር የጭቃ ቤት ከባህር ዛፍ ቋሚ ነው የሚነሣው። ቋሚዎቹ በክንድ በክንድ ርቀት ይተከላሉ። ማገር በላያቸው ይመታል። ከዚያ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ሰንብቶ፣ እንደገና ተረግጦ ይመረጋል። በደንብ ከተሠራና ውሃ ካልነካው ልጅ አስወልዶ ልጅ ያስድራል። ጭቃን የሚንቅ ሰው አልወድም፤ የኖርሁበትም የበላሁበትም ነው።

የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው። ጭቃው ላይ ጣት የማያህል የሲሚንቶ ልስን ይለሰናል። ልስኑ ሳይደርቅ በሚስማርና ቀጥ ባለ እንጨት መስመር ይሰመርበታል፣ አግድም፣ ቁልቁል፣ ልክ በብሎኬት መጠን። ቀለም ይቀባል። በቃ፣ ብሎኬት ቤት ተባለ። አከራዩ ብሎኬት ብሎ ያከራያል። ሻጩ ብሎኬት ብሎ ይሸጣል። ውሉ ላይ «ግድግዳ መብሳት ክልክል ነው» የሚል አንቀጽ የሚያስገቡ አከራዮች አሉ። ለቀለሙ አዝነው እንዳይመስላችሁ።

ሰቃይ ግን ይበሳል። መሰርሰሪያው ገብቶ ሲወጣ የሚወርደው ዱቄት አይዋሽም። ብሎኬት ከሆነ አመድማ ነው። ጭቃ ከሆነ ቀይ ነው፣ አንዳንዴም የመሰርሰሪያው ጫፍ፣ ፑንታው፣ ጭድ ጠምጥሞ ይወጣል። ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ ፊሸር ብሎኬት ውስጥ ሲከፈት ይነክሳል። ጭቃ ውስጥ ሲከፈት ጭቃውም አብሮት ይከፈታል። ለጊዜው የያዘ ይመስላል። ብረቱ ማቀፊያ፣ ብራኬት የምንለው፣ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ፊት ይስበዋል።

መላው ከባድ አይደለም። ሁለት ቋሚ ትፈልጋለህ። ከአንዱ እስከ ሌላው የሚደርስ ጣውላ ትቆርጣለህ። ጣውላውን በረጅም ብሎን ከቋሚዎቹ ጋር ታጠብቃለህ። በውሃ ልክ ታስተካክላለህ። ብራኬቱን ጣውላው ላይ ትመታለህ። ሰው ቢንጠለጠልበት አይወርድም።

ጣውላውን ግን ማንም አይፈልገውም። ከቴሌቪዥኑ ጎንና ጎን ወጣ ብሎ ይታያላ። ጣውላ ያለበት ግድግዳ ጭቃ መሆኑን እንግዳ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያለ ክርክር ጣውላ ያስመቱኝ አንድ ጡረተኛ ወታደር ብቻ ናቸው። «ቤቴ ጭቃ ነው፣ እኔም ነገ ጭቃ ነኝ፣ ምታው» አሉኝ። ጣውላውን ራሳቸው ቀለም ቀቡት። ቴሌቪዥናቸው እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ሌላው ደንበኛ ሌላ ነው። ሐሙሲት ላይ አንድ የምግብ ቤት ባለቤት፣ ገበያተኛ እንዳይነካብኝ ብሎ ከኮርኒሱ ሥር አሰቀለኝ። «ሰዉ አንገቱ ይታመማል» ብዬ ብነግረው «ኳስ የሚያይ ሰው አንገት የለውም» አለኝ። እሱ እንኳ የራሱን ቤት ያውቅ ነበር፤ ብሎኬት ነው ያለው ብሎኬት ሆኖ ተገኘ። በዚያ ደስ ስላለኝ ብቻ አልተጣላሁትም።

አሁን ወደ ይታይሽ ልምጣ። ይህን ሁሉ የምጽፈው በሷ ምክንያት ነው።

ይታይሽ በጥር ወር ሱቅ መጣች። ሰባት ዓመት አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች፣ ቀጠን ያለች፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ ናት። ቴሌቪዥኑን ስትመርጥ አቶ ፈንቴን በጥያቄ አደረቀችው። ድምፁን ከፍ ዝቅ አስደርጋ ሰማች። «ለናቴ ነው» አለችን። «ጉልበታቸው ደክሞ ቤተ ክርስቲያን መድረስ አቅቷቸዋል። ቅዳሴውን ቤታቸው ሁነው ይስሙት ብየ ነው።»

«ግድግዳው ምንድን ነው?» አልኋት። ይህን እንድጠይቅ ይፈቀድልኛል፣ መልሱን እንድጠራጠር ነው የማይፈቀደው።

«ብሎኬት! ገሳይ ላይ ወንድሜ ነው ያሠራልኝ» አለችና ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙ አዲስ፣ ከፊት ለፊቱ ወንድሟ ተስፋሁን ቆሟል። «ሰባት ዓመት የሰው ግድግዳ ስወለውል ነው የኖርሁ። አሁን የራሴ ግድግዳ አለኝ። ከእንግዲህ አልሄድም፣ እዚሁ ሱቅ ነገር እከፍታለሁ» አለች። ከቤቱ ከገባች ገና ሳምንቷ ነበር።

በማግስቱ ከአቶ ፈንቴ ጋር በሚኒባስ ገሳይ ወረድን። ቄሱ ጠዋት ቤቱን ጸበል ረጭተው ሄደዋል። ምርቃት ነው፤ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። ተስፋሁን በር ላይ ተቀበለንና ካርቶኑን ከእጄ ነጠቀኝ። አያስፈልግም እያልሁት «ኧረ እኔ እይዘዋለሁ» ይላል። ላብ አጥምቆት ነበር፣ በዚያ ብርድ።

እናትየዋ እማሆይ ጥሩ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ የጫኑ፣ የበግ ጠጉር የሚፈትሉ ሴት ናቸው። ግድግዳውን ተጠግቶ የተሠራ መደብ ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ይታይሽ ቦታውን አሳየችኝ፣ ከመደቡ በላይ።

አንኳኳሁ። ጭቃ ነው። ዝቅ ብዬ አንኳኳሁ። ጭቃ። ወደ ጥጉ ሄድሁ። ከላይ እስከ ታች ጭቃ ነው። ዘወር ስል እንግዳው ሁሉ ጨዋታውን አቋርጦ እጄን ያያል። ይታይሽ ብቻ ናት ፈገግ ያለችው። የማንኳኳው ከጥንቃቄ መስሏታል።

ተስፋሁን መሰላሉን የሚይዝልኝ መስሎ ተጠጋኝ። «ወንድምየ፣ በማርያም» አለኝ በሹክሹክታ። «ሰው ፊት ነው።»

ገባኝ። ከአረብ አገር የላከችለት ገንዘብ የት እንደገባ አላውቅም፣ አልጠየቅሁምም። ልጅቷ ግን እንደተታለለች ገባኝ። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብናገር ያ ምርቃት ለቅሶ ይሆናል፣ ወንድምና እህት ሰው ፊት ይዋረዳሉ። እንደዚህ ብዬ አሰብሁ። የመጀመሪያ ቀን የተሰደብሁትም ትዝ አለኝ። እናም ፈራሁ።

ቢያንስ ጣውላ ልሞክር ብዬ «ለጥንካሬ ጣውላ ላድርግበት» አልሁ።

ይታይሽ ሳቀች። «ብሎኬት ላይ ጣውላ ምን ይሠራል? አዲስ ቤት እኮ ነው ጋሼ ምስጋናው፣ አታበላሽብኝ!»

አቶ ፈንቴን አየሁት። እሱም አየኝ። አይኑ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ።

«ይይዛል» አልሁ።

መሰርሰሪያውን ሰካሁ። ቀዩ ዱቄት መውረድ ሲጀምር ቆቤን አውልቄ ከሥሩ ያዝሁ። ይታይሽ «ምነው፣ ቆብህ ይቆሽሻል» ስትለኝ «ቤትሽ አቧራ እንዳይሆን ነው» አልኋት። ዞራ ለጎረቤቶቿ «እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው!» አለች። ዱቄቱን ኪሴ ውስጥ ደፋሁት። ከአራቱ ቀዳዳ አንዱ የቋሚ ጠርዝ አገኘ። ሦስቱ ጭቃ ነበሩ። ሲሚንቶ በጥብጬ ጠቀጠቅሁበት፣ ረጃጅም ፊሸር ከተትሁ፣ ብራኬቱን መታሁ፣ ሰቀልሁ። በውሃ ልክ ለካሁት። ልኩ ትክክል ነበር።

እልል ተባለ። የቅዳሴውን ጣቢያ አገኘሁላቸው። እማሆይ ጥሩ ከመደቡ ጫፍ ተነሥተው ልክ ከቴሌቪዥኑ ሥር ሄደው ተቀመጡ።

«እማሆይ፣ ትንሽ ራቅ ቢሉ ይሻላል» አልኋቸው።

«ጆሮየ ደክሟል ልጀ፣ ከሥሩ ካለሁ ነው የምሰማው» አሉኝ። አይናቸውን ከእኔ ላይ ትንሽ አቆዩት።

ያን ሰምቼ ዕቃዬን ሰበሰብሁ። ብሉ ተባልን፣ በላን። በላሁ እኮ! የዚያች ልጅ ምርቃት ላይ ቁጭ ብዬ ዶሮዋን በላሁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ጋሼ፣ ሌላ ቀን መጥተን ጣውላ እናድርግበት፣ አይቆይም» አልሁት አቶ ፈንቴን።

«ሳይወድቅ?» አለኝ፤ ከልቡ ገርሞት ነው የጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ለሥራ ወደ ነፋስ መውጫ ስሄድ አራት ጊዜ በገሳይ አልፌያለሁ። ሚኒባሱ ሰው ለመጫን ይቆማል። ከመስኮቱ የቤቱ ቆርቆሮ ይታየኛል። አራቱንም ጊዜ ልውረድ ብዬ ተነሣሁ፣ አራቱንም ጊዜ ተቀመጥሁ። ምን ብዬ ልግባ? ያኔ ዋሽቼሻለሁ ልበል? ሰው ምን ይለኛል? ይህን ይሉኝታ የሚባል ነገር ሰው ሁሉ ሲያመሰግን እሰማለሁ፣ ጨዋነት ነው ይላሉ። የእኔ ይሉኝታ አንዲት አሮጊት ከሥሩ ቁጭ ብላ ቅዳሴ የምትሰማበትን ብረት ትቼ እንዳልፍ ነው ያደረገኝ። እንዲህ ያለውን ጨዋነት እሳት ይብላው።

ክረምቱ ገባ። የጉና በኩል ዝናብ የታወቀ ነው፣ ቀን ከሌት ይጥላል። ተስፋሁን ቤቱን ከፊትና ከውስጥ ነበር ያስለሰነው፤ ከኋላ፣ ከአጥሩ ተጠግቶ ሰው በማያልፍበት በኩል፣ ጭቃው እንዳለ ነው። ግድግዳው ከጀርባው ውሃ ጠጣ።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ይታይሽ ሱቅ ገባች። ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ከትከሻዋ ተጣብቋል። አልተቀመጠችም። ከነጠላዋ ሥር ጡብ የሚያህል ጓል አወጣችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ጭድ የበዛበት፣ እርጥብ፣ በአንድ ጎኑ ስስ ሲሚንቶ የለበሰ ጭቃ ነው። መሐሉ ላይ የእኔ ፊሸር ከነብሎኑ ተሰክቶ ቆሟል።

«እናቴ ላይ ወደቀ» አለች። «ቅዳሴ ሲሰሙ። ክንዳቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል።»

አቶ ፈንቴ አልደነገጠም። «ይቅርታ እታለም፣ ግን የእኛ ጥፋት አይደለም። ግድግዳችሁ ጭቃ ነው» አላት። ያችን ቃል ደንበኛ ፊት ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔን የከለከለኝን ቃል ለራሱ አስቀምጦት ኖሯል። ያን ጊዜ በእጄ የነበረውን ካቻቢቴ እንዴት እንዳልወረወርሁበት አላውቅም።

ይታይሽ እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ።

«አውቀህ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«መቼ?»

«ሳንኳኳው።»

ጓሉን ትኩር ብላ አየችው። «ተስፋሁንስ የሚደብቀው ነገር ነበረው። አንተ ምን ነበረህ?»

«ሰው ፊት እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው» አልኋት። እውነቴን ነበር፣ ወይም የእውነቴ ግማሹን።

«እኔን? እኔ ምን ሠርቼ ነው የማፍረው?» አለች። ድምጿ አልጨመረም። መልስ ትጠብቃለች። ጓሉን እዚያው ትታው ወጣች።

የዚያኑ ዕለት የሱቁን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ከአቶ ፈንቴ ተለያየሁ። «እብድ ነህ፣ በአንድ ግድግዳ ሥራ ይለቀቃል?» አለኝ። የመለስሁለትን እዚህ አልጽፈውም።

በሦስተኛው ቀን ገሳይ ወረድሁ፣ ዘግይቼ። እማሆይ ጥሩ ከዚያው መደብ ላይ ናቸው፣ ክንዳቸው በቀርከሃ ታስሯል። ከሐኪም ቤት ከተመለሱ ወዲህ ወጌሻ ነው የሚያሻቸው። እንዝርታቸው ከጎናቸው ተቀምጧል። ከበላያቸው ግድግዳው ተቦድሶ ማገሩ ይታያል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነሥ ልጀ» አሉኝ። «ምን አድርገህ ነው?»

«ጭቃ መሆኑን አውቄ ነው የሰቀልሁት እማሆይ።»

«እኔስ አላውቅም ነበር? በዚችው እጀ ነው የለቀለቅሁት» አሉ፣ የታሰረውን ክንዳቸውን በአገጫቸው እያሳዩኝ።

እሳቸው ቀጠሉ።

«ያን ለት እዚህ የነበረው ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። በደቦ መጥተው ጭቃውን ያቦኩት እነሱ አይደሉም? ጠላ ጠምቄ፣ ዳቦ ጋግሬ፣ ሁለት ቀን ረግጠውልኛል። ኋላ ሲሚንቶው ሲለብስም አይተዋል። የማታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።»

ያ ሁሉ ሰው! በእግሩ የረገጠውን ጭቃ ብሎኬት ነው ስትል እልል ያለላት ሰው። «ታዲያ እርስዎ እንኳ ለምን አልነገሯትም? እናት አይደሉም?» አልኋቸው። ከእግራቸው ተነሥቼ አልጨረስሁም፣ በአሮጊት ሴት ላይ ጮህሁ።

እማሆይ አልተቆጡም። «እሱም ልጀ ነዋ» አሉ። «እሷ ዓመት ዓመት የለችም፣ ውሃየን የሚቀዳ፣ ስታመም የሚያነሣኝ እሱ ነው። እሱን ላዋርደው? ጎረቤቱስ? ነገ ከተስፋሁን ጋር ዕድር ይቀመጣል፣ በሬ ይዋዋሳል። ሁላችንም ከሱ ጋር የምንኖር ነን።» የታሰረውን ክንዳቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። «አንተ ግን ዘመዳችንም ጎረቤታችንም አልነበርህም። ስታንኳኳ ሳይህ፣ እፎይ፣ ይሄ ሰው ይነግርልኛል ብየ ነበር። ይይዛል ስትል ጊዜ ከሥሩ ሄጀ ተቀመጥሁ።»

ከሥሩ የሄዱት ለጆሮዋቸው ብቻ እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅም ሆነ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ነው። ይህን ጠይቄ አላረጋገጥሁም፤ መጠየቅ የሚያስችል ፊት አልነበረኝም።

ይታይሽ ጓሮ ልብስ አጥባ ተመለሰች። አይታኝ አለፈች። ጣውላና ሲሚንቶ አምጥቼ ግድግዳውን ልጠግን ስል «አትንካው» አለችኝ።

በጥቅምት እንደገና አረብ አገር ሄደች። ሱቁን አልከፈተችም። እማሆይ ክንዳቸው ተጠገነ ግን ጣታቸው አልታጠፍ አለ፤ ጠጉር መፍተል አልቻሉም። ተስፋሁን ቤቱ ውስጥ ይኖራል። የተቦደሰውን ለስኖታል፣ መስመሩንም አሳምሮ አስምሮበታል ብለውኛል።

እኔ ከዚያ በኋላ ለብቻዬ ሠራሁ። ቤት ስገባ መጀመሪያ አንኳኳለሁ፣ የሰማሁትን እናገራለሁ፣ ከዚያ ነው ካርቶን የሚከፈተው። ከበር የመለሱኝ አሉ። «ተሳዳቢው ሰቃይ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። አንዲት ሴትዮ ቀበሌ ከሰውኛል። የሰቀልሁት ግን አንድም አልወረደም፣ አንድም ሰው አልነካም። አሁን ትከሻዬ መሰርሰሪያ አይችልም፣ ትቼዋለሁ።

ይህን ሥራ ለምትይዙ የምለው ይህ ነው። ግድግዳውን አንኳኩ። ጭቃ ከሆነ፣ ቤቱ በሰው የተሞላም ቢሆን፣ መሰርሰሪያውን ሳትሰኩ ለቤቱ ባለቤት ጭቃ ነው በሉት። የሚያፍር ሰው ይኖራል። ይፈር።